ወንዙ የሚጀምርበት ሣር

መንዝን ከጥንት ጀምሮ የከለሉት ወንዞች ናቸው፤ በደቡብ ሞፈር ውኃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጭኔ። የውኃ ተፋሰስ የሚያጠናው የድኅረ ምረቃ ተማሪ እነዚህን ወንዞች ለወራት ከሳተላይት ምስል እያነበበ በሰማያዊ መስመር ሲስላቸው ቆይቷል። አንድ የኅዳር ማለዳ ግን ወንዞቹን በቅርብ ለማየት ተመኝቶ፣ በብስክሌት ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ተነሣ።

ወንዝ ተከትሎ የመሄድ ምኞቱ ብዙም አልዘለቀም። የመንዝ ወንዞች ገደል ቆፍረው ስለሚወርዱ ለመንገድ አይመቹም፤ መንገዱ የሚሄደው ከላይ፣ ዝናቡን ለሁለት በሚከፍለው ተራራ ጫፍ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በጓሳ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ተማሪው ትንፋሽ እያጠረው በየዳገቱ ወርዶ ብስክሌቱን ይገፋ ጀመር።

ጫማው የራሰው እየገፋ ሳለ ነበር። ዝናብ አልዘነበም፤ ውኃው ከጓሳው ሣር ሥር ይሰርግ ነበር። በስተምዕራብ የሚወርደው በጀማ በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ሜድትራንያን ይጓዛል፤ በስተምሥራቅ የሚወርደው ከአዋሽ ጋር ሄዶ፣ ባሕር ሳያይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

በመንገዱ ዳር ጋቢ የደረቡ አዛውንት ከብት ያግዱ ነበር።

«አባቴ፣ ወንዙ የሚጀምረው ከወዴት ነው?» አላቸው።

«ቆመህበታል፣ ልጄ። ሣሩን ያለ ጊዜው ያጨድነው እንደሆነ ግን አይጀምርም።»

የአዛውንቱ ቃል ሥር አለው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ባለርስቶች ጓሳን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁ ነበር፤ ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ወይም ችግር ሲጠና ይከፍቱታል። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ነዋሪው በአዲስ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቁሟል።

ተማሪው መሐል ሜዳ ሲደርስ መሽቶ ነበር። በጥናቱ ስሌት ጓሳ ከየትኛውም የሣር መሬት ሳይለይ፣ በአንድ ቋሚ ቁጥር ብቻ ተመዝግቧል። ሣሩ የተዘጋበትና የተከፈተበት ዘመን ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ስለ ወንዞቹ ፍሰት የጻፈው ምዕራፍ እንደገና ይሠራ ቢባል ምረቃው ቢያንስ በአንድ መንፈቅ እንደሚገፋ ያውቃል። እርጥብ ጫማውን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠ፤ ከዚያም የምዕራፉን የመጀመሪያ ገጽ አውጥቶ ሰረዘው።