ዝርዝሩ ሲመጣ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ቡናው እስኪደርስ ባለፈው እሑድ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ጎረቤቶቼ ቤት የተነሣውን ጨዋታ ላካፍላችሁ። የቤቱ ልጅ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ተፈትና አልፋ፣ የጤናውንም ምርመራ ጨርሳ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አካዳሚ ልትሄድ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነው። እናቷ ደስ ብሏቸዋል። ግን አንድ ነገር ይከነክናቸዋል፤ «ስትጨርሺ የት ነው የሚመድቡሽ?»

አካዳሚው ሲያልቅ ሰው የሚፈልጉ ጣቢያዎች ዝርዝር ይመጣል። በውጤት የበለጠው ቀድሞ ይመርጣል፤ መጨረሻ የወጣው የተረፈውን ይወስዳል። ያን ዕለት ቁጭ ብሎ ለመመካከር ጊዜ የለም። መመካከሪያው እንግዲህ ያ እሑድ ነበር።

እናት ያስቀደሙት ደመወዙን ነው። በ2024 የተቆጣጣሪዎች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 144,580 ዶላር መሆኑን ሰው ነግሯቸዋል። እውነት ነው፤ ግን ሥራው ላይ ያረጁትም እዚያ ቁጥር ውስጥ አሉበት። ጣቢያዎቹ እንደ ሥራቸው ብዛትና ክብደት ከ4 እስከ 12 ደረጃ አላቸው፤ ደመወዙም በደረጃው ይወሰናል። በዚያ ላይ የአካባቢ ጭማሪ አለ፤ በ2025 ለዋሽንግተን አካባቢ 33.94 በመቶ፣ የራሳቸው ተመን ለሌላቸው ቦታዎች 17.06 በመቶ። እናት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «በይ እንግዲያው እዚሁ ነዋ!»

እኔ የተከራከርኩት እዚህ ላይ ነው። የጣቢያው ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው እዚያ ያሉትን የሥራ ቦታዎች ሁሉ ብቻውን እንዲሠራ ለተፈቀደለት ነው። ሰልጣኝ በየእርከኑ ነው የሚጨመርለት። ያ ትልቅ ቁጥር ያለው ከሥልጠናው ማዶ ነው።

ሥልጠናውን ደግሞ በቅርብ ተመልከቱት። ሰልጣኝና አሰልጣኝ ጎን ለጎን ናቸው፤ የሁለቱም የጆሮ ማዳመጫ በአንድ መስመር ተሰክቷል። ሰልጣኙ ለፓይለቱ ይናገራል፣ አሰልጣኙ ያዳምጣል፤ አንድ ነገር ሊሳሳት ሲል በሰልጣኙ ድምፅ ላይ ገብቶ ያርማል። በሁለቱ ስም የሚጠየቀው እሱ ነው። እንዲህ ተሠርቶ የሚገኘው ፈቃድ ለአንድ የሥራ ቦታ ብቻ ነው፤ መሬት ላይ ያሉትን አውሮፕላኖች መምራት አንድ፣ ማኮብኮቢያውን መያዝ ሌላ፣ ራዳሩ ደግሞ ሌላ። ሰው ያነሰበት ጣቢያ አሰልጣኙ ራሱ በሳምንት 6 ቀን እየሠራ የሰልጣኙ ተራ ይገፋል። ከፊት ሌሎች ሰልጣኞች ተሰልፈው ከሆነ ወራት በመጠበቅ ያልፋሉ። ሙሉው ፈቃድ አንዱ ጋ በዓመት ገደማ ሲገኝ ሌላው ጋ ከ3 ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ካልተሳካም ወደ ዝቅተኛ ጣቢያ መዛወር ወይም መሰናበት አለ። ጎበዝ ልጅ ከአቅሟ ማነስ ሳይሆን ከተሰለፈችበት ቦታ የተነሣ ስትቀር ማየት ያንገበግበኛል።

የቤት ኪራዩም ይታሰብ። በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት 43 ቀን ሲዘጋ ተቆጣጣሪዎች ደመወዝ ሳያገኙ ፈረቃቸውን ገብተዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ኪራይ እየከፈሉ በሰልጣኝ ደመወዝ ያን ሰሞን ማለፍ ለማንም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ «እንደ ሮአኖክ ያለ ቦታ ከመጣልሽ አትለፊው» አልኳት። ያው ቨርጂኒያ ነው፤ ታወሩና የመቃረቢያው ራዳር አንድ ጣቢያ ስለሆኑ ሁለቱንም ሙያ ትማራለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቦታ ገብቼ እዚያው ብቀርስ?» አለችኝ።

ልክ ናት። ተቆጣጣሪ ዝውውር ቢጠይቅም የሚለቀቀው ጣቢያው በቂ ሰው ሲኖረው ነው፤ ሰው ያጠረው ጣቢያ እንደያዘ ያቆያል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሰው ፈልጋ ሁለት ነገር እንድትጠይቅ የመከርኳት፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰልጣኝ አለ፣ ባለፉት ዓመታትስ ከዚያ ወጥቶ የሄደ አለ ወይ? የደረጃው ቁጥር ከሁለቱ በኋላ ይምጣ።

ዕድሜዋ ገና 23 ነው፤ ጊዜ አላት። አዲስ ገቢ 31 ሳይሞላው መግባት አለበት፤ በ56 ጡረታው ግዴታ ነው። በዲቪ በ27 ዓመቱ የመጣውን ወንድማችንን አስቡት። ሥራው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፤ ዜግነት እስኪያገኝ 5 ዓመት ሲጠብቅ በሩ ይዘጋበታል። በልጅነታቸው የመጡትና እዚህ የተወለዱት ግን ይችላሉ፤ ስንቶቹ ቤት ይህ ሥራ ስሙ እንኳ አይነሣም። ሐኪም ሁን፣ ኮምፒውተር ተማር እንላለን እንጂ ታወሩን ቀና ብለን አናሳያቸውም።

እናት ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ዋሽንግተንን ከልባቸው ያወጡ አልመሰለኝም። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው አስቀመጡና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሮአኖክ ያላችሁት በመኪና ስንት ሰዓት ነው?»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። «አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ እማዬ።»

«ዓርብ ማታ ብነሣ እደርሳለሁ» አሉ፤ ስኒውንም አቀበሉኝ።