እርሾው የተደፋ ዕለት

ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ደብረ ብርሃን እንደ ወጉ በጭስ ታጥናለች። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ አገሩን ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኗል፤ በዚያ ቀን ደግሞ ድፍን መቶ ዓመት ሞላው። እናቴ ግቢውን ስትጠርግ እኔም ከጽዳቱ ላለመቅረት ሳሎን ወዳለው የዓሣ ገንዳ ሄድኩ። ከማጣሪያው ውስጥ ስፖንጁን አወጣሁና ቡናማው ጭቃ እስኪለቅ ድረስ ቧንቧ ሥር ይዤ ደጋግሜ ጨመቅኩት። አዲስ መሰለ። በሥራዬ ኮራሁ።

ገንዳው መቶ ሊትር ይይዛል፤ እዚያው ከተማችን መስታወት ቤት ያሠራሁት ነው። አምስቱን ጎልድፊሾች በነሐሴ ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸው በፌስታል ነበር፤ 130 ኪሎ ሜትሩን ጭኔ ላይ ታቅፌያቸው መጣሁ። ብርድ ይችላሉ ስለተባልኩ ማሞቂያ አልገዛሁም።

በሳምንቱ ጠዋት ስነሣ አምስቱም ውኃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውኃው ኩልል ብሎ ጠርቷል። የራባቸው መስሎኝ ምግብ ጨመርኩላቸው፤ በጥፋት ላይ ጥፋት። ማታ አንዱ ሞተ፣ ሌሊት ሌላው ተከተለ። የመጀመሪያውን አንሥቼ ከራሱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ ባደርገው፣ ቀይ መሆን የነበረበት መተንፈሻው ስንጥብ የቡና አተላ መስሏል።

ጎረቤታችን የኬሚስትሪ መምህር ነው። አንድ ዘመዴ ከውጭ ያመጣልኝን፣ ካርቶኑን እንኳ ሳልከፍት ያስቀመጥኩትን የውኃ መመርመሪያ አብረን ከፈትነው። በትንሿ ብልቃጥ ከገንዳው ውኃ ቀድተን ጠብታውን ጨመርን፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ውኃው ሐምራዊ ሆነ። ከቀለሙ ካርድ ጋር ስናስተያየው በሊትር 2 ሚሊግራም ናይትራይት። መሆን የነበረበት ዜሮ ነው።

መምህሩ አስረዳኝ። ዓሣው ከሰውነቱ ከሚያስወግደውና ተበልቶ ካላለቀ ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አንዱ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት። ይኼ ሁለተኛው ወገን ከተጎዳ ለማገገም ይዘገያል፤ ያኔ ናይትራይት ይከማቻል። በስንጥብ በኩል ወደ ደም ገብቶም ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፣ ዓሣው ውኃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩም ስስ ነው፤ በእኩል ሙቀት ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል።

በር ላይ ቆማ ስትሰማ የቆየችው እናቴ ጠየቀችው።

«ባክቴሪያው የት ነው የሚኖረው?»

«አብዛኛው ስፖንጁ ላይ ነው፣ እትዬ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲያ ለሚካኤል አጥበህ የደፋኸው እርሾውን ነዋ!»

እናቴ ቡሃቃዋ ውስጥ ለቀጣዩ የሚሆን እርሾ ሳታስቀር ሊጥ ጨርሳ አታውቅም። በውርጭ ወራት ሊጡ አልቦካ ሲላት ምድጃው አጠገብ አስጠግታ ትሸፍነዋለች። የእኔም እርሾ ብርድ አይወድም፤ ያን ጠዋት ውኃውን ስንለካው 13 ዲግሪ ነበር። የቧንቧው ክሎሪን ያልገደለውን ብርዱ አስንፎታል።

«ጨው አለ?» አለ መምህሩ። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ስንጥቡ ላይ ከናይትራይት ጋር በር ይሻማል፤ ክሎራይዱ ሲበዛ ናይትራይቱ መግቢያ ያጣል። መቶ ግራም ገደማ፣ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ፣ በጣሳ አሟሙተን ቀስ እያልን ጨመርን። እናቴ የአንኮበር ልጅ ናት፤ ከአንኮበር ቁልቁል ያለው አልዩ አምባ በድሮ ዘመን ከአፋር ቆላ በግመል የመጣ ጨው የሚራገፍበት ገበያ ነበር። «ጨው ለስንቱ ሲሆን ሰምቻለሁ፤ ለዓሣ መድኃኒት ሲሆን ገና አሁን አየሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ የወር ሥራ ሆነ። ምግብ ለጥቂት ቀን አቆምን፣ ኋላም ቀነስን። በየማታው አንድ ጄሪካን ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍቼ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ያንኑ ያህል ከገንዳው ቀድቼ እደፋና ለአዲሱ ውኃ ልኩን ጨው ጨምሬ እተካለሁ። ሌሊት የገንዳውን ዙሪያ፣ አናቱን ክፍት ትተን፣ በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሲቆም እናቴ በጣሳ እየቀዳች ከላይ ታንቆረቁራለች።

ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በገብርኤል ማግስት፣ ጠብታው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ ዜሮ። ሦስቱ ዓሦች ተረፉ።

ስፖንጁን አሁንም አጥባለሁ፤ ግን ከገንዳው በቀዳሁት ውኃ፣ ሳፋ ውስጥ፣ አንዴ ብቻ ጨመቅ አድርጌ። ዓሣ የምታኖሩ ሁሉ፣ ውኃው ስለጠራ ደኅና ነው አትበሉ፤ ለኩት። እርሾውንም አትድፉ።