የሚበላ ዓይን

አያቴ የተኛ ሕፃን ፊት ገልጣ ለእንግዳ አታሳይም ነበር። ነጠላዋን ጣል ታደርግበትና፣ «ዓይን ይበላል፤ ሲነሣ ታዩታላችሁ» ትላለች። ነፍስ ካወቅሁ በኋላ በዚህ አባባሏ ስንት ጊዜ እንደ ሳቅሁ አልቈጥረውም። ኋላም ይኸው እምነት አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያሰኘ ከሰው ማራቁን ስረዳ፣ ሳቄ ወደ ኀዘን ተለወጠ። ማየት ማንን ጎድቶ ያውቃል? ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነሥቶ ወደ ዓይናችን ይገባል እንጂ ከዓይናችን ወጥቶ ማንንም አይነካም። ትምህርት ቤት የተማርሁት ይህንን ነው።

ዕድል ሆነና እንጀራዬ ራሱ የሚበላ ዓይን ሆነ።

የምሠራው በሰሜን አሜሪካ በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ነው። ሥራዬ አይጦችን በሲቲ ስካን ማንሣት ነው። ሰውን የሚያነሣው ሲቲ ስካን ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህልን ነገር ለይቶ ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፊ አገር ነው፤ ሙሉ ዕጢ ሊደበቅበት ይችላል። ስለዚህ የእኛ መሣሪያ ወደ 100 ማይክሮን፣ ማለትም ወደ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ፣ ሲያስፈልግም ወደ 50 ማይክሮን ይወርዳል።

መሣሪያው በጎነት አለው። እርሱ ባይኖር የዕጢን ዕድገት በየሳምንቱ ለመከታተል በየሳምንቱ ጥቂት አይጦችን ገድሎ መክፈት ግድ ይሆናል። በእርሱ ግን ያችው አይጥ ትደነዝዛለች፣ ትታያለች፣ ትነቃለች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሳ ትመጣለች። እንግሊዛውያኑ ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእንስሳት ላይ የሚመራመር ሰው ከተቻለው በሌላ ዘዴ እንዲተካቸው፣ ካልተቻለው ቍጥራቸውን እንዲቀንስ፣ ሥቃያቸውንም እንዲያቀልል መክረዋል። ከሦስቱ ሁለተኛውን የምፈጽም እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

ነገር ግን ይህ ማየት ዋጋ አለው። ራጅ ሥጋን አቋርጦ ሲያልፍ ከፊሉ በዚያው በሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ የቀረውም የሕዋሳትን የዘር ክር ይበጥሳል። በመጀመሪያው ዘመን ዋጋውን ይከፍል የነበረው የሚያየው ሰው ነበር። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ጨረሩን ካገኘ በኋላ፣ የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ የገዛ እጁን በጨረሩ ፊት እየደቀነ መሣሪያ ይሞክር ነበር። እጆቹ ቈሰሉ፤ ተቈረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ዛሬ መሣሪያው በእርሳስ የተለበጠ ሣጥን ነው፤ እኔን አንዳች አይነካኝም። ከፋይዋ ሣጥኑ ውስጥ የተኛችው ናት።

የዋጋው ስሌት እንዲህ ነው። ካፊያ ሲጀምር ግቢው ውስጥ የተነጠፉትን ድንጋዮች ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ላይ ሦስት ጠብታ ያርፋል፣ ጎረቤቱ ላይ አንድም የለ። ዝናቡ ሲበረታ ግን ሁሉም እኩል ይርሳሉ። የራጅም ጠባይ ይኸው ነው። ጨረሩ ሲያንስ ምስሉ በነጠብጣብ ይሻክራል፤ ሲበዛ ይለሰልሳል። ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ግን ጨረሩን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ100 ማይክሮን ወደ 50 ወርደን ምስሉ እንዳይሻክር ከፈለግን ደግሞ ወደ 16 እጥፍ እንደርሳለን። በአንድ ጊዜ መላ ሰውነታቸውን ከ5 እስከ 7.6 ግሬይ የሚደርስ ጨረር ከተቀበሉ አይጦች፣ እንደየዘራቸው፣ ግማሾቹ በ30 ቀን ውስጥ ይሞታሉ። የአንድ ቀን ምስል ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ማየት ሲደጋገም ግን ርቀቱ ይጠብባል።

በ2008 ዓ.ም. አንድ የሳንባ ዕጢ መድኃኒት በ24 አይጦች ላይ ይፈተን ነበር። ግማሾቹ መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ ያህል አይወስዱም። ሁሉንም በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ5 ሳምንት አነሣቸዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ምስሎች ላይ ከድያፍራም አጠገብ ያሉት ዕጢዎች ጠርዛቸው ደብዛዛ ነበር። ማንም ሳያዝዘኝ ጨረሩን ከ100 ወደ 400 ሚሊግሬይ ከፍ አደረግሁት። ምስሉ እንደ ሐር ለሰለሰ። ኃላፊዬ በስብሰባ ፊት አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስሉን አትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍሁት። ጠርዙ ግን አሁንም ደብዛዛ ነበር። ልስላሴውን ጥራት ብዬ ተቀብዬው ስለ ነበር አላየሁትም።

10 ጊዜ 400 ሚሊግሬይ 4 ግሬይ ነው። በየመካከሉ የማገገሚያ ቀናት ስለ ነበሩ አይጦቹ አልሞቱም። ፈተናው ሲያበቃ ግን፣ መድኃኒትም ያልወሰዱ፣ እኔም ያላነሣኋቸው 6 አይጦች በሌላ ጎጆ ነበሩና የእነርሱ ሳንባ ተከፈተ። ዕጢያቸው መድኃኒት ካልወሰዱት የእኔ አይጦች ዕጢ ይልቅ በግልጽ የገዘፈ ነበር። የእኔዎቹ ነጭ የደም ሕዋስም አሽቈልቍሎ ተገኘ። ዕጢውን ያቀጨጨው መድኃኒቱ ይሁን የእኔ ዓይን መለየት የሚችል ሰው ጠፋ። ያን ያህል ጊዜ ያየሁት ነገር፣ በማየቴ ምክንያት ሌላ ነገር ሆኖ ነበር።

ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው አንዲት ባለሙያ ከጠረጴዛዬ በላይ የተለጠፈውን ምስል ቀረብ ብለው አዩት። «ይህ የጨረር ማነስ አይደለም» አሉኝ፤ «ትንፋሽ ነው። የምትተነፍስን ፍጥረት ብርሃን ብታበዛባት አትቆምልህም።»

እውነት ነበር። የደነዘዘች አይጥ በሰከንድ አንድ ጊዜ ግድም ትተነፍሳለች፤ አየሩን ካወጣች በኋላም ጥቂት ጸጥ ትላለች። መፍትሔው መሣሪያውን ከትንፋሿ ጋር ማናበብና ያችን የጸጥታ ቅጽበት ብቻ መርጦ ማየት ነበር። አየርና ሥጋ በራጅ ፊት እጅግ ስለሚለያዩ ደግሞ፣ ለሳንባ ዕጢ የቀድሞው 100 ሚሊግሬይ ይበቃ ነበር። የእኔ ድካም የጎደለውን ትቶ ያልጎደለውን ሲጨምር ኖሯል።

ለኃላፊዬ ሄጄ ነገርኋቸው። ብዙ አልተቈጡም፤ ቢቈጡ በቀለለኝ። ፈተናው እንደገና እንዲሠራ ወሰኑ፤ ሌሎች 24 አይጦችም ታዘዙ። ቍጥር ቀናሽ ነኝ ባዩ እኔ ቍጥሩን እጥፍ አደረግሁት። በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያዋን አይጥ ከጎጆዋ ሳወጣ፣ የእጄን ሙቀት ፈልጋ በመዳፌ ውስጥ ተሸጎጠች። ያችን ዛሬም አልረሳትም።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን ከማስነሣቴ በፊት ለሚመጣው ተመራማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ «ምን ማየት ትፈልጋለህ?» ሳይሆን «ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብዬ። ዕጢ አለ የለም፣ አድጓል አላደገም ለማለት ሻካራ ምስል ይበቃል። አጥንትም ጥቂት ጨረር ይበቃዋል። ጉበት ውስጥ ላለ ነገር ግን ጨረሩ ይጨመራል፣ አለዚያም ልዩነቱን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ እዚያ መሰሰትም ጥፋት ነው፤ ምንም የማያሳውቅ ምስል ጥቂቱንም ጨረር በከንቱ ያስቀራልና። ስለዚህ ልኩ ከጥያቄው ጋር ይለዋወጣል። ከጠረጴዛዬ በላይ የነበረውን ምስል አውርጄ በምትኩ አንድ ሻካራ ምስል ለጥፌያለሁ። አዲስ ሠራተኞች ሲያዩት መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

አይጥ ስትደነዝዝ ዓይኗን አትከድንም። ስለዚህ እንዳይደርቅባት ቅባት እንቀባታለን። ይህን ስሠራ ያ የተገለጠ ጥቁር ዓይን ወደ እኔ ያያል፤ የእርሷ ማየት ግን እኔን ምንም አይጎዳኝም። አያቴ ስለ አንጥረኛውና ስለ ሸክላ ሠሪዋ ተሳስታ ነበር። ስለ ዓይን ግን ያኔ የሳቅሁባትን ያህል አልተሳሳተችም።

ምስሉ ሲያልቅ አይጧን ወደ ሞቃቱ ጎጆ እመልሳታለሁ፤ እስክትነቃ እንዳይበርዳትም ለስላሳ ወረቀት ጣል አደርግባታለሁ። አንዳንድ ተማሪ ቀረብ ብሎ ገልጦ ሊያያት ይቃጣዋል።

«ተዋት» እለዋለሁ፤ «ስትነሣ ታያታለህ።»