«እንዴት አወቃችሁ?»

መቼም የሦስተኛ ክፍል ተማሪን «ተክል ለማደግ ምን ያስፈልገዋል?» ብለው ቢጠይቁት «ውሃ፣ አየርና ብርሃን!» ብሎ ያንበለብልዎታል። «እንዴት አወቅህ?» ሲሉት ግን ዝም ይላል። አስተማሪ ነኝና ይህ ዝምታ ያሳስበኛል። ስለዚህም አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ በሁለት ጣሳ ባቄላ ዘርተው አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጡ አደረግሁ። ከበቀለ በኋላ ስናየው የጨለማው በቁመት በልጦ ተገኘ!

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አለ አንዱ።

«ረዝሟል እንጂ ገርጥቷል፤ ብርሃን ፍለጋ እኮ ነው የሮጠው!» አለች ሌላዋ።

ክርክሩ ደራ። ውሎ አድሮ ያ ረጅም ቡቃያ በፍሬው ውስጥ የነበረውን ስንቅ ጨርሶ ተዝለፈለፈ። ልጆቹም መልሱን በዓይናቸው አገኙት።

ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1956 የዕውቀትን ደረጃዎች ስድስት አድርጎ ሲዘረዝር፣ ያወቁትን ማስታወስን ከሁሉ በታች አስቀምጦታል። የእኛም የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ፈተናው የሚጠይቀው ቃሉን ብቻ ሲሆን ግን ያቺ የተከራከረች ልጅና መጽሐፉን በቃሏ የሸመደደችው ጓደኛዋ እኩል አሥር ከአሥር ያገኛሉ። ነገ አገር ሲጨንቃት የምትጣራው የትኛዋን ብላ ይሆን?