የእማዬ ኮምፎርት

ኮምፎርት በቤትዎ አጥበው ያውቃሉ? ደረቅ ሳለ በአንድ እጅ የሚነሳው ነገር ውሃ ሲጠጣ ሁለት ሰው ያስጎትታል። በእጅ ተጨምቆ አያልቅም። ክረምት ከሆነ ደግሞ ገመድ ላይ ቀናት ይቆይና መሽተት ይጀምራል። ልባስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የትራስ ጨርቅ ለትራስ የሚሠራውን ሥራ ልባሱ ለኮምፎርቱ ይሠራል፤ ላቡን፣ ቅባቱን፣ አቧራውን እሱ ይቀበልና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ወልቆ ይታጠባል። ኮምፎርቱ ራሱ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢታጠብ ይበቃዋል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር ይህን ስነግራት፣ «ብርድ ልብስም ቀሚስ ይለብሳል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ዕድሜ ልኳን በጋቢና በባና ብርድን ለቻለች ሴት ነገሩ ቅንጦት ቢመስላት አይፈረድባትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ማለዳ ስነሳ አንሶላዋና ልባሱ ታጥበው በረንዳ ላይ ተሰጥተው አገኝ ጀመር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከጀሪካን እየቀዳች፣ በዚያ ብርድ፣ ሰው ሳይነሳ ታጥባለች። ማታ ማታ ደግሞ ሻይ አልፈልግም ማለት አመጣች፤ ውሃም እየተወች መጣች። ሌሊት ሽንት እያመለጣት ነበር። የአምስት ልጆች ሽንት ጨርቅ ያጠበች እናት የራሷን አንሶላ ከልጇ ትደብቃለች።

አንድ እሑድ ቡና አፍልቼ፣ ልጆቹ ሲወጡ ጠብቄ፣ «እማዬ፣ እኔን ስንት ዓመት አጠብሽኝ?» አልኳት። «አልቆጠርኩትም» አለችኝ። «እንግዲያው እኔም አልቆጥርም» አልኳት። ብዙ አላወራንም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን።

እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎም ቤት ካለ ከሐኪም ይጀምሩ። «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ የሆድ ድርቀት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሊያመጡት ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚረዳ ሕክምና አለ። ውሃ መተው መፍትሔ አይደለም፤ ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል፣ ድርቀትም አዛውንትን ቶሎ ይጥላል። ቀን በደንብ ጠጥቶ፣ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሁለት ሰዓት መቀነስ ይሻላል።

ወደ እጥበቱ እንምጣ። ሽንት የነካውን ልባስ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ በሙቅ ከጀመሩ እድፉም ሽታውም ጨርቁ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ቀጥሎ በአንድ ባልዲ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ያህል አቼቶ ጨምረው ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉትና እንደገና ያለቅልቁት። ከዚያ በዱቄት ሳሙና ይጠቡት። ነጭ ጥጥ ከሆነና ውስጡ የተሰፋው ምልክት ከፈቀደ 60 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ቀለም ላለውና ለፖሊስተር 40 ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ በረኪናን ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ አያፍስሱ፤ ከአቼቶም ጋር አይቀላቅሉ። ሁለቱም ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ አደጋው ይብሳል። የቤት ሠራተኛ ካለችዎት ይህን ለእርሷም ይንገሯት፤ ጓንትም ይግዙላት።

በማሽን ሲያጥቡ ልባሱን ገልብጠው፣ ቁልፉን ወይም ዚፑን ዘግተው ያስገቡ። ክፍት ከተተወ ካልሲውንና የትራስ ጨርቁን ሁሉ ይውጥና መሐሉ ሳይታጠብ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ይወጣል። የማሽኑ ሆድ ሲሶው ባዶ ይሁን። ማሽን ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ የእማዬን ዘዴ ይሞክሩ፦ «በእጅ አትፈትጊው፣ እንደ ጋቢ ሳፋ ውስጥ ርገጪው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ጨርቁም አይጎዳም፣ ወገብም ያርፋል።

ሲያሰጡት እንደተገለበጠ ይሁን፤ ፀሐይ ቀለሙን ከውጭ እንዳያነጣው። ማዕዘኖቹንና ስፌቱን በእጅዎ ዳስሰው ሳያረጋግጡ አያጥፉት፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። መተኮስ ከፈለጉ ትንሽ እርጥበት እያለው ይተኩሱት። ለማልበስም ብቻዎን አይታገሉ፦ የተገለበጠውን ልባስ ውስጥ እጅዎን ከትተው ሁለቱን የሩቅ ማዕዘኖች ይያዙ፤ በዚያው እጅ የኮምፎርቱን ማዕዘኖች ጨብጠው ልባሱን በላዩ ላይ መልሰው ይገልብጡና ያራግፉት።

እኛ ቤት ከፍራሹ በላይ፣ ከአንሶላው ሥር ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ አነጠፍን። ከእማዬ አልጋ አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ ንጹሕ አንሶላና ልባስ ታጥፎ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ክዳን ያለው ቅርጫት አለ። ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ሌሊቱን ትንሽ መብራት ይበራል። ሐኪሙ ኢንፌክሽን አግኝቶባት ታክማለች፤ በጣም ተሽሏታል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሲያጋጥማት ራሷ ቀይራ ቅርጫቱ ውስጥ ትከታለች። ማለዳ እኔ አወጣዋለሁ። ማናችንም ቃል አንተነፍስም። ሻይዋንም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከልጆቹ ጋር ትጠጣለች።

ስለዚህ ልባስ ሲገዙ ለአንድ ኮምፎርት ሦስት ይግዙ፦ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ሳጥን ውስጥ። ሦስተኛው በእኩለ ሌሊት ማንንም ሳይቀሰቅሱ መቀየር ለሚፈልጉ ሰው ነው።