ከወረታ እስከ ጨጨሆ፤ የበጌምድር ጉዞ

ወረታ ላይ ወርጄ መኪና ቀየርኩ። ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ሩዙ ታጭዶ አልቆ በመንገዱ ግራና ቀኝ የገለባ ክምር ቆሟል፤ ከመፈልፈያ ቤቶቹ የሚወጣው ብናኝ አላፊ አግዳሚውን ያስነጥሳል። የፎገራ ሜዳ ድሮ ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር። ሩዝ በደርግ ዘመን የገባ እንግዳ ነው፤ ዛሬ ግን ባለቤት ሆኖ የጤፉ ሊጥ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ረዳቱ «ደብረ ታቦር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ዘልዬ ስገባ መኪናው ግማሹ ባዶ ነው። እስኪሞላ ጠበቅን።

ወደዚህ ያመጣኝ የአባቴ የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ነው። «በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ ደብረ ታቦር አውራጃ» ይላል። ዛሬ ጠቅላይ ግዛትም አውራጃም የለም፤ በጌምድር የሚባል ክልልም ዞንም የለም። ካናዳ፣ ሳስካቶን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ ያለበት ሳስካችዋን ከጎረቤቱ ከአልበርታ ጋር በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1905፣ በሕግ የተቋቋመ ግዛት ነው። ምድሩ ከዚያ በፊት የክሪና የሌሎች ነባር ሕዝቦች እንደነበር ሳይዘነጋ፣ ወሰኑ በአራቱም በኩል ሰው ያሰመረው መስመር ነው፤ ወንዝ አይከተል፣ ተራራ አይከተል። የጥንቱ በጌምድር ወሰን ግን ጣና፣ ዓባይና በሽሎ ነበሩ። መች እንደተፈጠረ የሚናገር አዋጅ የለውም። የጠፋው ግን በአዋጅ ነው።

ከአለምበር በኋላ መንገዱ ዳገት ይይዛል። የፎገራ ሙቀት ወደኋላ ይቀርና ተሳፋሪው መስኮት መዝጋት ይጀምራል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ። ደቡብ ጎንደር ተወልደው ያደጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ደቡብ ጎንደር የሚሉት አሁን የመጣ ነው ልጄ፤ እኔ የበጌምድር ሰው ነኝ፤ ፋርጣ ነው አገሬ» አሉኝ። ከዚያ በፊትና በኋላ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ድንች ዋጋ ነበር።

በጌምድርን የያዘ አገር ይይዝ የነበረበት ዘመን ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጎንደር ላይ ንጉሥ ቢኖርም ንጉሥ የሚያነግሡትና የሚሽሩት ጦር ያላቸው መኳንንት ሆኑ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ገና ከአገር ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1771፣ የበጌምድሩ ወንድ በወሰን ከሌሎች መኳንንት ጋር ሆኖ ከእነዚሁ አንጋሾች አንዱን ራስ ሚካኤል ስሑልን ሰርባኩሳ ላይ ድል አደረገ። ቀጥለው የየጁ መሳፍንት በጌምድርን ያዙ። ከእነሱ አንዱ ራስ ጉግሣ መርሶ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አደረጋት። ልጆቹ ይማም፣ ማርዬና ዶሪ እየተከታተሉ፣ በመጨረሻም የልጅ ልጁ ራስ አሊ ከዚሁ ሆነው እንደራሴ እየተባሉ ገዙ። ጎንደር ዘውዱን፣ ደብረ ታቦር ሥልጣኑን ተካፈሉ ማለት ነው።

የዘመኑን ነገር ሁሉ የምታሳይ አንዲት ውጊያ አለች፤ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ በ1834 ዓ.ም. የሆነች። የሰሜኑ ደጃች ውቤ ራስ አሊን ገጠመ። አሊ ተሸነፍኩ ብሎ ሸሸ። የውቤ ሰዎች ድግስ ተቀምጠው ሲጠጡ ከአሊ ወገን አንዱ መኮንን ድንገት ደርሶ ውቤን ያዘው። አሸናፊው ታሰረ፣ የሸሸው ወደ መንበሩ ተመለሰ። ይህችን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ፤ ለገበሬው ግን ሁለቱም ጦር ጎተራውን እንዳራገፈው አልጠራጠርም።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ስወጣ ምሥራቁን ጉና ዘግቶት ቆሟል፤ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነ፣ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚሰድ ተራራ። ከተማዋን ቁልቁል አየሁ፤ ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ቆርቆሮ። ግንብ የለም። ጎንደርን አይቶ እዚህ የመጣ ሰው «የታለ ታሪኩ?» ቢል አይፈረድበትም። የየጁዎች አዳራሽ ሣር ክዳን ነበር፤ የነገሥታቱ ከተማም አብዛኛው ድንኳን።

ለዚህ ነው ጋፋት መሄድ የሚያስፈልገው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ይላል። የገብስ ቃርሚያ ላይ በጎች ይግጣሉ፤ እግሬ ሥር ያለው አፈር ጥቁር ነው፣ ድንጋዩ ተለቅሞ በማሳው ዳር እንደ አጥር ተከምሯል። የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራው በዚህ ቀበሌ ነው። ሠሪዎቹ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው ክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ወጣቶችና አብረዋቸው የተገኙ ሌሎች አውሮፓውያን ነበሩ። ንጉሡ ስብከቱን ትተው መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። መድፍ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ስለነበሩ መጀመሪያ ከሸፈባቸው፤ እየሞከሩ ለመዱት። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆል የሚባሉት ከእነዚህ ናቸው። በመጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣ፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝን፣ በክራይሚያው ጦርነት ስመ ጥር በሆነችው ከተማ የተሰየመ። መጽሐፎቻችን መድፉን እንጂ ሠሪዎቹ ኋላ የት እንደደረሱ ብዙም አያነሡም። ዋልድማየር ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ቀጥሎም አስፉሪዬ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሚስቱ ሱዛን ከአባቷ ከንጉሡ ወዳጅ ከጆን ቤልና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች ነበረች።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በሰው ጉልበት ይጎተታል፤ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ያስጠርጋሉ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። ሴባስቶፖል አሁንም እዚያው አምባ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ያለው ምስሉ ነው።

ከእሳቱ በኋላም ከተማዋ አልሞተችም። ዐፄ ዮሐንስ ይቀመጡባት ነበር፤ ግብጽን ጉንደትና ጉራዕ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ በ1872 ዓ.ም. ጥቅምት የግብጹ ከዲቭ የላከውን ጎርደንን ያነጋገሩት እዚህ ነው። ንግግሩ ፍሬ አላፈራም። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የበጌምድር ገዥ ወንበር ደብረ ታቦር ነበር።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ የአማራ ግዛት ያለውን ሲያቋቁም ግን ዋና ከተማውን ጎንደር አደረገ። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ያንኑ ተቀበለ፤ በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ከጎንደር ሆኖ ይገዛ ጀመር፣ ደብረ ታቦር አውራጃ ሆነች። ለእኔ ምክንያቱ የሚመስለኝ የጎንደር ግንብ ነው። አስመራ የሚያደርስ መንገድም ይኖርበታል፣ ነገር ግን ቅኝ ገዥ የነገሥታት ከተማ ሲፈልግ ዓይኑ የሚያርፈው በሚታይ ድንጋይ ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር የነበራት ሣር ቤት ደግሞ ተቃጥሏል። የቀረውን ደርግ ጨረሰው። ጠቅላይ ግዛቱን ጎንደር ክፍለ ሀገር አለው፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ሰሜንና ደቡብ ብሎ ከፈለው። ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ ሆነች፤ ዛሬም የዞኑ መቀመጫ ናት። ሥልጣኑ በከፊል ተመለሰላት፣ ስሙ ግን የጎንደር ነው።

በማግስቱ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ያዝኩ። መንገዱን ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የሠሩት ነው፤ ሴባስቶፖል የተጎተተውም በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ሴቶች ቅቅል ድንች በአዋዜ ይዘው መስኮቱን ከበቡ። «እንካ ወንድም ዓለም፣ ትኩስ ነው» አለችኝ አንዷ፤ እውነትም እጅ የሚያቃጥል ነበር። ነፋስ መውጫን አልፈን ወደ ዘቢጥ ስንቃረብ አሻግሬ ሜዳውን ፈለግሁ። አንቺም የሚባለው የጦር ሜዳ በዚህ በኩል ነው። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ላይ ተነሥቶ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የወደቀበት። የመንግሥት አውሮፕላን መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ኢትዮጵያ ውስጥ አውሮፕላን ለጦርነት ሲውል የመጀመሪያው ነው። ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን አረፉ፣ ተፈሪም ነገሡ። ከአንቺም በኋላ ከበጌምድር ተነሥቶ ዘውድን የተገዳደረ ራስ አልመጣም።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ መንገዱ ሌላም ጦርነት አይቷል፤ በ2013 ክረምት ውጊያው ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበር። በዚያ ጉዞ ግን ጨጨሆን ወጥተን መቄት ስንገባ ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገ፣ ረዳቱም የወልድያ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ።