«ቆመ» የሚባለው ማሽን

በአማርኛ «ቆመ» የሚለው ግስ መንቀሳቀስ መተውንም፣ በእግር ጸንቶ መቆምንም ይገልጻል። በመንገድ ሥራ ላይ የኤክስካቫተር ወይም የዶዘር ሞተር ጠፍቶ አልነሳ ሲል ሠራተኛው «ማሽኑ ቆመ» ይላል፤ ሁለተኛው ፍቺም ሳይታሰብ አብሮ ይገባና የማይሠራው ማሽን ጸንቶ የተቀመጠ፣ ስለዚህም የማይጎዳ ይመስላል። ይሁንና ከሞተሩ ጋር የሚጠፋው ማሽኑ ራሱን የሚገዛበት አቅም እንጂ በውስጡ የታመቀው ጉልበት አይደለም።

ይህ ከሁሉ ይልቅ በፍሬኑ ላይ ይታያል። በቤት መኪና ፔዳሉ ሲረገጥ የዘይት ግፊት ጎማውን ይይዛል፤ በባለ ሰንሰለት ኤክስካቫተር ግን የማቆሚያ ፍሬኑ የሚሠራው በተገላቢጦሽ ሲሆን፣ ጠንካራ ስፕሪንጎች ዲስኮቹን ጨምቀው ይይዛሉ፣ በሞተሩ ኃይል ዘይት የሚገፋው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ደግሞ ለጉዞ ሲፈለግ ስፕሪንጎቹን አሸንፎ ዲስኮቹን ይለቃል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱም ስለሚጠፋ ፍሬኑ እንደነከሰ ይቀራል። 20 ቶን የሚመዝነውን ይህን ማሽን በዶዘር አስሮ መጎተት፣ ሰንሰለቱ ሳይዞር አስፋልቱን እያረሰ እንዲሄድ ከማድረግ በቀር ብዙም አያተርፍም፤ የተሰበረው አንድ ዕቃ ሁለትና ሦስት የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው።

መካኒኮች ለዚህ ያላቸው መፍትሔ ፋይናል ድራይቭ የሚባለውን፣ ማለትም የሃይድሮሊክ ሞተሩን ፈጣን ዙር ወደ ቀርፋፋና ብርቱ ዙር የሚለውጠውን የሰንሰለቱን የመጨረሻ ማርሽ ቤት መክፈት ነው። ዘይቱ ይፈስሳል፣ ዙሪያውን የታሰሩት ቡሎኖች ይፈታሉ፣ ክዳኑም ሲነሳ በመሐል ያለው «ሰን ጊር» ይታያል፤ ስሙን ያገኘው ሌሎቹ ማርሾች እንደ ፕላኔት በዙሪያው ስለሚዞሩ ነው። አሠራሩ በሚፈቅድ ማሽን ላይ ይህ ጥርሳም ብረት ሲወጣ ሰንሰለቱ ከፍሬኑ ይለያይና በነጻ ይዞራል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ማሽኑ የነበረውን ብቸኛ መያዣ ያጣል። ሰንሰለቱን በወፍራም ታኮ ከፊትና ከኋላ ሳይደግፉ ክዳኑን የሚፈቱ ሰዎች የሚፈቱት ቡሎን ብቻ አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ 20 ቶን የሚመዝን ማሽን 10 በመቶ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ወደ ታች የሚስበው ኃይል 2 ቶን ያህል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ወደ ደጀን በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ ኃይል በየመታጠፊያው ይጠብቃል፤ ስለሆነም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማሽኑን ከፊት ከሚጎትተው ሌላ ከኋላ የሚይዝ ሁለተኛ ማሽን ያስራል፣ ብዙ የአምራች መመሪያዎች ከሚፈቅዱት በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም አያልፍም። ማሽኑ በክረምት ዋልካ ውስጥ ሰምጦ ከሆነ ደግሞ ጭቃው ስለሚይዘው ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ከራሱ ክብደት ሊበልጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመጎተት በፊት መቆፈር ይሻላል፣ ምንም እንኳ በሰዓት የተከራየ ማሽን ባለበት ቦታ አካፋ ማንሳት እንደ ስንፍና የሚቆጠር ቢሆንም።

በጉተታ ጊዜ የብረት ገመዱ ኃይልን እንደ ተወጠረ ቀስት ያጠራቅማል፤ ሲበጠስም እንደ ጅራፍ ይገርፋል እንጂ ባለበት አይወድቅም። ስለዚህ በገመዱ አቅራቢያ ለመመልከት የሚሰበሰበው ሰው፣ በአገራችን ደግሞ ማሽን በተገተረበት ተመልካች አይጠፋም፣ ቢያንስ ከገመዱ ርዝመት በላይ መራቅ ይኖርበታል። በክሬን ማንሳትም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ከአንድ መንጠቆ የሚወርዱ ሁለት ገመዶች በመካከላቸው 120 ዲግሪ ከተከፈቱ እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ጭነት ነው።

ተነስቶ የቀረው ቡም፣ ማለትም የኤክስካቫተሩ ረጅም ክንድ፣ ሌላው የታመቀ ጉልበት ነው። ብዙ ማሽኖች አኩሙሌተር የሚባል፣ በናይትሮጅን ጋዝ ግፊት ጥቂት ዘይት የሚያስቀምጥ ዕቃ ስላላቸው፣ ሞተሩ እንደጠፋ ቁልፉን ከፍቶ ክንዱን በቶሎ ወደ መሬት ማውረድ ይቻላል። ግፊቱ አልቆ ከሆነ ግን ክንዱ ሳይደገፍ በሥሩ ገብቶ የዘይት ቱቦ መፍታት በራስ ላይ ክንዱን እንደ መጣል ይቆጠራል።

ወደ ሎቤድ፣ ማለትም ወለሉ ዝቅ ወዳለው የማሽን ማመላለሻ ተጎታች፣ ማሽኑ ሲወጣም ብረት በብረት ላይ፣ ያውም ዘይት በነካው መወጣጫ፣ እንደሚንሸራተት አስቦ እንጨት ማንጠፍ ያሻል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ 4,536 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ማሽን ቢያንስ በ4 ማሰሪያ እንዲታሰር ያዛል፤ በመሐሉ የሚታጠፈው ሎደር ደግሞ እንዳይታጠፍ መገጣጠሚያው በብረት መቆለፍ አለበት።

ማሽኑ ጋራዥ ሲደርስ ሰን ጊሩ ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ይቀመጣል። የሚያራግፈው ኦፕሬተር መንገድ ላይ ከፈታው መካኒክ የተለየ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ የማሰሪያው ሰንሰለት ከመላላቱ በፊት በመሪው ዘንግ ላይ «ፍሬን የለውም» የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሎ ሊያገኝ ይገባል።